ጋሼ እና ሌክሰሱ

ሳጉሬ ያለው ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አራት ነገሮች ተሰቅለዋል። አንደኛው የማርያም ሥዕል ነው። ሁለተኛው የ1997 ዓ.ም. ካላንደር ነው (ሥዕሉ ስለሚያምር እማዬ እስከ ዛሬ አላወረደችውም)። ሦስተኛው አባታችን በወጣትነቱ ከማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ጎን ቆሞ የተነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አራተኛው የዛሬው ጨዋታችን መነሻ ነው፤ የታላቅ ወንድማችን የጋሼ ፎቶ። ጋሼ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ጥርስ የመሰለች ነጭ መኪና ጎን ቆሞ ፈገግ ብሏል። መኪናዋ አፍንጫ ላይ፣ እንቁላል በመሰለ ቀለበት ውስጥ፣ አንዲት ዘንበል ያለች የፈረንጅ ፊደል አለች። ኤል።

ፎቶው የመጣ ሰሞን ቤታችን የመርካቶ አውቶብስ ተራ መሰለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየ። አንዲት ጎረቤታችን ጣቷን ፊደሏ ላይ አድርጋ «ይቺ ኤል ምን ማለት ናት?» ብላ ጠየቀች። ማንም አያውቅም። እማዬ ግን ሳታመነታ መለሰች፦

«‹ልጃችን› ማለት ነው!»

ጎበዝ፣ ሳቃችሁን ቆጥቡ። ነገሩ ኋላ ላይ ብዙም አያስቅም።

ሳጉሬን ለማታውቁ እንንገራችሁ። ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ከአዳማ አሰላ ትደርሳላችሁ። አሰላን አልፋችሁ በበቆጂ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ፣ ጭላሎ ተራራን እያያችሁ ብርዱ አጥንታችሁን ሲነካው፣ በቃ ደርሳችኋል። የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስንዴ፣ ገብስ፣ ፈረስ፣ ጋሪ፣ ወተት፣ ጭጋግ። እኛ ልጅ ሳለን መንገዱ ጠጠር ስለነበር ከመኪናው በፊት አቧራው ይታየን ነበር። ከአቧራው በፊት ደግሞ ድምፁ ይሰማል። ትልቁ ጨዋታችን እሱ ነበር። መንገድ ዳር ተደርድረን ዓይናችንን ጨፍነን መኪናውን በድምፁ መለየት። «አይሱዙ!» «ላንድክሩዘር!» «ሃይሉክስ!» የተሳሳተ በኩርኩም ይመታል። የጋሼን ያህል የሚችል አልነበረም። ገና ማዶ ሳለ «ላንድክሩዘር ነው፤ ደግሞ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው ያለው» ይል ነበር።

እኛ አገር ወጣት ባለመኪና የሚሆንበት መንገድ ሁለት ነው ይባል ነበር። ወይ ይሮጣል፣ ወይ ዲቪ ይሞላል። ሩጫውን ታውቁታላችሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ደግሞ ከእኛ ከፍ ብላ ካለችው ከበቆጂ ናቸው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 ስቱትጋርት ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሽልማቱ መርሴዲስ መኪና ነበር። ልብ በሉ፤ መርሴዲስ የሚገኘው ሮጦ ዓለምን በማሸነፍ ነው! ጋሼ ሩጫ ሞክሮ ጉልበቱን አመመው። ስለዚህ ዲቪ ሞላ። በ1996 ዓ.ም. ደረሰውና ዋሽንግተን ገባ። በ1998 ዓ.ም. ፎቶው መጣ።

ፎቶው ምን አደረገ?

ፎቶው ሥራውን የጀመረው ከተሰቀለ በሳምንቱ ነው። የእድር መዋጮ ሲመጣ የእኛ ቤት ድርሻ ከፍ አለ። ሰው ሲያገባ «የእናንተማ ልጅ ሌክሰስ ነው የሚነዳው» ተባልን። የአጎታችን ልጅ የባጃጅ መግዣ ጠየቀ። ዘመድ ነን የሚሉ ሰዎች ከዶዶላ ድረስ መጡ። እማዬ ሁሉንም እሺ አለች። የእሺታዋ ሒሳብ ግን የሚወራረደው ዋሽንግተን ነበር።

እኛ ሁለታችን፣ የጋሼ ታናናሾች፣ ከሁሉም የባስን ነበርን። ትምህርት ቤት ስንገባ ጫማ፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ላፕቶፕ፣ ሥራ ስንይዝ ደግሞ (አታምኑም!) የቤት ኪራይ መደጎሚያ። በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት የወር ቁጠባውን ማን ይከፍላል? ጋሼ። አንድም ቀን «አልችልም» ብሎን አያውቅም። አንዳንዴ ብቻ ስልኩን አያነሳም። ያኔ እርስ በርሳችን «አሜሪካ ሲገባ ተለወጠ፤ ሌክሰሱ ላይ ሆኖ እኛ መቼ እንታየዋለን!» እያልን እናማው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ይገባን ነበር። ሌክሰስ የሚነዳ ሰው እንዴት ለአንድ ገና እንኳን መምጣት ያቅተዋል?

ኤል ማለት ምን ማለት ነው?

ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብለን የፈለግነው የመጀመሪያ ነገር የትምህርት ጉዳይ አልነበረም። ሌክሰስ ነበር። የወንድማችንን ሀብት መጠን ማወቅ ፈለግን፤ እውነቱ ይሄው ነው። ያገኘነው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህም ባገኘነው አጋጣሚ ሁሉ እየጨመርንበት ስናነብ ኖርን። በአጭሩ እንንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሸማ ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል የጃፓን አናጢ ልጅ እናቱ በእጅ ስትሸምን እያየ አደገ። ድካሟ ስላሳዘነው ዕድሜውን ሙሉ የሽመና መሣሪያ ሲያሻሽል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን አንድ የተለየ ጠባይ ነበረው። አንዲት ክር ስትበጠስ ማሽኑ በራሱ ይቆማል። ይህች ነገር ቀላል ትመስላለች። ሌላው ማሽን ግን ክር ተበጥሶም ሥራውን ይቀጥላል፤ ሰው ሲደርስበት ብዙ ክንድ ጨርቅ ተበላሽቷል። የሳኪቺ ማሽን የተበላሸ ነገር አልሠራም ብሎ ይቆማል። የማሽኑን የፈጠራ መብት ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1929 ገዛው። ልጁ ኪይቺሮ መኪና መሥራት ውስጥ ገባና በ1937 ቶዮታ ሞተር ተመሠረተ። ስሙ ከ«ቶዮዳ» ወደ «ቶዮታ» የተለወጠው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ብቻ ስለሚሆን፣ ስምንት ደግሞ እዚያ የዕድል ቁጥር ስለሆነ ነው።

ቶዮታ አሜሪካ የገባው በ1957 ነው። እንደ ማንኛውም ስደተኛ መጀመሪያ ላይ ተዋረደ። ቶዮፔት ክራውን የሚሏት መኪና ለጃፓን ጠባብ መንገድ የተሠራች ስለነበረች የአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ አቅም አጣች፤ ሞተሯም ይግል ነበር። በ1958 ዓመቱን ሙሉ የተሸጡት 287 ክራውኖችና አንዲት ላንድክሩዘር ናቸው። አንዲት! ያቺ የእኛ አገር ንግሥት ላንድክሩዘር እዚያ አንዲት ብቻ ተሸጠች።

ጃፓኖቹ ግን ተማሩ። መኪናቸው ርካሽ፣ ቤንዚን ቆጣቢ፣ የማይበላሽ እየሆነ ሲመጣ አሜሪካኖች እንደ ትኩስ ዳቦ ገዙት። ይሄኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የዲትሮይት ፋብሪካዎች ስለጮሁ ጃፓን ከ1981 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና በዓመት ወደ 1.68 ሚሊዮን ለመወሰን ተስማማች። አስቡት። የምትልከው ቁጥር ከተገደበብህ ምን ታደርጋለህ? ውድ መኪና ትልካለህ። ሆንዳ በ1986 አኩራን ይዞ የወጣው፣ ኒሳንም በ1989 ኢንፊኒቲን ያመጣው በዚሁ ስሌት ነው።

የቶዮታው አለቃ ኤጂ ቶዮዳ፣ የኪይቺሮ የአጎት ልጅ፣ በ1983 በዝግ ስብሰባ ላይ ለባልደረቦቹ አንድ ጥያቄ አቀረበ። የዓለምን ምርጥ መኪና የሚገዳደር መኪና መሥራት እንችላለን ወይ? ሥራው በምስጢር ተጀመረ። ዋናው መሐንዲስ ኢቺሮ ሱዙኪ ነበር። 1,400 መሐንዲሶችና 2,300 ቴክኒሻኖች ተሰለፉ። 450 ገደማ የሙከራ መኪኖች ተሠሩ። ወጪው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። እኛን ያስገረመን ደግሞ ይሄ ነው፦ በ1985 ዲዛይነሮቹን ካሊፎርኒያ፣ ላጉና ቢች የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ላይ ቤት ተከራይተው አስቀመጧቸው። ሥራቸው የአሜሪካ ሀብታም እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚወድ ማየት ነው። ሀብታም ሳይሆኑ ሀብታምን ማጥናት! ይቺን ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

መኪናው ተሠራ፤ ስም ጠፋ። «ቶዮታ» ብለው 35,000 ዶላር ሊጠሩበት አልቻሉም። አሜሪካዊው «ቶዮታ» ሲባል የሚታየው የተማሪና የጡረተኛ መኪና ነው። ስለዚህ ልጁ የአባቱን ስም ሳይዝ እንዲወጣ ተወሰነ። 219 ስሞች ቀረቡ። ከመሪዎቹ አንዱ «አሌክሲስ» ነበር፤ የሴት ስም መሰለባቸውና ፊቱን ቆርጠው፣ መሐሉን ለውጠው «ሌክሰስ» አደረጉት። ከዚያ ደግሞ «ሌክሲስ» የሚባል የሕግ መረጃ አገልግሎት ባለቤቶች ስማችንን ወሰዳችሁ ብለው ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ግን በመጋቢት 1989 ሻረው። መኪና የሚገዛና የሕግ መዝገብ የሚፈልግ ሰው አይምታታም አለ።

ኤልኤስ 400 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሌክሰስ በጥር 1989 ዲትሮይት ላይ ታየች፤ በመስከረም ለገበያ ቀረበች። ባለ 4 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበራት። በማስታወቂያዋ ላይ ሞተር መክደኛዋ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆ እንደ ፒራሚድ ደርድረው ጎማዋ በሰዓት ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሽከረከር አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

አሁን ልብ በሉ። ያቺው መኪና ጃፓን ውስጥ «ሌክሰስ» አትባልም ነበር። እዚያ «ቶዮታ ሴልሲዮር» ነበረች። ለብዙ ዓመታት፣ ውጭ ሌላ ስም፣ አገር ቤት ሌላ ስም።

ይህን ስናነብ «ጋሼም እኮ እንደዚሁ ነው» ብለን አላሰብንም። ያኔ ያሰብነው «35,000 ዶላር በብር ስንት ይሆናል?» የሚለውን ነበር።

የአሰላው እንግዳ

በ2007 ዓ.ም. ጥምቀት ሰሞን አንድ የአሰላ ልጅ ከዋሽንግተን መጣ። አዲስ አበባ አግኝተነው ቡና ጋበዝነው። «ጋሼን ታውቀዋለህ?» አልነው።

«እንዴ! አብረን አይደል የምንሠራው? ያው ጋራዥ ውስጥ።»

«ጋራዥ? መካኒክ ሆነ እንዴ?»

«የመኪና ማቆሚያ ነው እንጂ! ባለቤቱ ቁልፉን ይሰጥሃል፤ ወስደህ ታቆምለታለህ። ሲመለስ ታመጣለታለህ። ዲሲ ውስጥ ይሄ ሥራ የሐበሻ ነው ማለት ይቻላል። የወንድማችሁን ያህል ደግሞ ማንም አይችልም። መኪናው ራምፑን ሲወርድ በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ይነግርሃል።»

ቡናው ቀዘቀዘ።

«የራሱ መኪናስ?» ብለን ጠየቅን። ልጁ ሳቀ። «አውቶብስ ነዋ! እዚያ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ቀን ጋራዥ፣ ማታ ጥበቃ። መኪናውን የት ያቁመዋል?»

መጀመሪያ የተሰማን ንዴት ነው። አታለለን አልን። ሌሊቱን ስንቆጥር አደርን። ላፕቶፑ ስንት ሰዓት ቆሞ መዋል ነው? የአጎታችን ልጅ ባጃጅ ስንት ሌሊት ጥበቃ ነው? የኮንዶሚኒየም ቁጠባችንስ? ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ንዴቱ መልኩን ለወጠ። ሊነጋ ሲል የተናደድነው በራሳችን ላይ ነበር።

ታዲያ ደወልንለት? አልደወልንም። እውነቱን እንናገር ካልን እስከ መጨረሻው እንናገር። ከደወልን ጋሼ ሊያፍር ነው። ጋሼ ካፈረ ደግሞ ገንዘቡ ሊቆም ነው። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ወር አይጠብቅም። «ትንሽ ቆይተን እንነግረዋለን» ተባባልን።

አባባ ያየው

አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሹፌር ነበር። የአርሲን ስንዴ መሬት ሲያርስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። መኪና ያውቃል፤ የእኛን የድምፅ ጨዋታ ለጋሼ ያስተማረውም እሱ ነው። ቶዮታን ያከብር ነበር። «ቶዮታ ሊበላሽ ሲል ይነግርሃል፤ ሳይነግርህ አይጥልህም» ይል ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ቶዮታን የማያከብር ማን አለ? ዲኤክስ ዕድሜዋ ከባለቤቷ እኩል ሆኖ ዋጋዋ አይወርድም። ሚኒባሱን እንኳ በፍቅር «ዶልፊን»፣ «አባዱላ» እያልን ስም አውጥተንለታል። ላንድክሩዘሩማ «ኮብራ»፣ «ቪ ኤይት» እየተባለ የሹመት መለኪያ ሆኗል። አንድ ባለሥልጣን ቪ ኤይት ሲይዝ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ትልቁ የሌክሰስ ጂፕ ኤልኤክስ የዚያው የላንድክሩዘር ወንድም መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኤልኤክስ 450 የተሠራው ከ80ኛው ሲሪስ ላንድክሩዘር ላይ ነው። ስሙና ልብሱ ተለወጠ እንጂ አጥንቱ ያው የገጠር መንገድ የሚችለው ነው።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. አባባ ታሞ ልንጠይቀው ሳጉሬ ወረድን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እማዬ ጓዳ ውስጥ ጩኮ ታሻለች። አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ሁለቱን ፎቶዎች እያየ ድንገት እንዲህ አለ፦

«መኪናዋ የእሱ አይደለችም።»

ክው አልን። «ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? አቋቋሙ ነው የነገረኝ። የራሱ መኪና የሆነ ሰው ክብደቱን ጥሎ ነው የሚደገፈው። ይሄ ልጅ ግን እዩት፤ ጃኬቱ እንኳ እንዳይነካት በመሐላቸው አንድ ጣት ያህል ትቷል። አደራ የያዘ ሰው አቋቋም ነው።» ከዚያ ወደ ራሱ ፎቶ አመለከተ። «እኔስ እንዴት ነው የቆምኩት?»

አየን። ማሲ ፈርጉሰኑ ጎን፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ። ትራክተሩ የመንግሥት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» አልነው።

«ፎቶው የመጣ ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ለምንስ ሰቀልከው?»

«የሰቀልኩት ልጄን ነው። መኪናዋን አይደለም።» ትንሽ ቆየና ደግሞ እንዲህ አለን፦ «ይኼ ልጅ የማይመጣው እኛ ይቺን መኪና ስለምንጠብቅበት ነው። ንገሩት። አባባ ያውቃል በሉት። እኔ ብነግረው ያፍራል፤ እናንተ ታናናሾቹ ናችሁ፣ በጨዋታ መሐል ቀለል አድርጋችሁ ንገሩትና ይምጣ።»

እሺ አልን። እሺ ማለት ከእማዬ የወረስነው ችሎታ ነው።

ሃያ ቀን እና አሥራ አንድ ወር

የሌክሰስን ታሪክ ስንነግራችሁ አንድ ነገር አስቀርተናል። አሁን እንጨርሰው።

ኤልኤስ 400 ገበያ በወጣች በሦስተኛው ወር ገደማ፣ በታኅሣሥ 1989፣ ሁለት ደንበኞች ቅሬታ አቀረቡ። የኋላ ፍሬን መብራቷና ፍጥነት መቆጣጠሪያዋ ላይ ችግር ነበር። ሁለት ሰው ብቻ! አዲስ ስም፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር የፈሰሰበት፣ «እንከን የለሽ» እየተባለ የሚወራለት ሥራ ነው። እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? «ትንሽ ቆይተን እንነግራቸዋለን» እንል ነበር። እነሱ ግን የሸጡትን 8,000 ያህል መኪና በሙሉ ጠሩ። ባለቤቶቹን አታምጡ፣ እኛ እንመጣለን አሏቸው። መኪናውን ከየቤቱ ወስደው ጠግነው፣ አጥበው፣ ነዳጅ ሞልተው መለሱ። ሩቅ ላለው ቴክኒሻን በአውሮፕላን ላኩለት። ሁሉም በ20 ቀን ውስጥ አለቀ። ሰው ስሙ ተበላሸ ብሎ ሲጠብቅ ጭራሽ ስሙ የተሠራው ያኔ ነው ይባላል። በተከታዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሌክሰስ ተሸጠ። የሳኪቺ የሽመና ማሽን መሆኑ ነው፤ ክሯ ስትበጠስ ቁም።

እኛ ግን ክሯ ተበጥሳ መሸመናችንን ቀጠልን። መስከረም ላይ «በዓል ነው፤ አናስከፋው» አልን። ኅዳር ላይ ደወልንለት፤ ስለ ኮንዶሚኒየም አውርተን ዘጋን። ጥር ላይ አንዳችን ለማግባት ስናስብ ጋሼ የድግሱን ከብት እገዛለሁ አለ፤ እንዴት ብለን እንንገረው? ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አባባ አረፈ። ከነሐሴ እስከ ሐምሌ አሥራ አንድ ወር ነው።

ጋሼ ለቀብር መድረስ አልቻለም። ለአርባው መጣ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ከአዳማ በሚኒባስ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። መንደሩ ሌክሰስ ሲጠብቅ ከአባዱላ ወረደ። ሳሎን ገብቶ አልቅሶ ሲያበቃ ግድግዳውን አየ። ፎቶውን አየው። አንገቱን ደፋ።

ማታ ለቀስተኛው ሲሄድ ነገርነው። «አባባ ያውቅ ነበር። ፎቶው የመጣ ቀን ነው ያወቀው። ንገሩት፣ ይምጣ ብሎን ነበር።» እንዴት እንዳወቀ ነገርነው፤ የጃኬቱን፣ የአንድ ጣቱን ነገር። መቼ እንደነገረንም ሳንደብቅ ነገርነው።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ፎቶውን አወረደና ገልብጦ አሳየን። ለአሥራ አንድ ዓመት ማናችንም ገልብጠን አናውቅም። በእስክሪብቶ የተጻፈው ይሄ ነው፦ «ለውድ ቤተሰቦቼ፣ ከሥራ ቦታዬ። እኔ ደህና ነኝ።»

ከሥራ ቦታዬ! ጋሼ አንዲት ቃል አልዋሸም። መኪናዋ የአንዲት ዶክተር ናት፤ ለዓመታት መኪናዋን ያቆመላት ደንበኛው። «ለእናትህ የምትልከው ፎቶ ላንሳህ» ብላው ነው። «የእኔ ናት» ብሎ አያውቅም። «የእሱ ናት» ያልነው እኛ ነን። እሱ ጥፋቱ አንድ ነው፤ እማዬ በስልክ «መኪናህ እንዴት ናት?» ስትለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ሳይቃና ቀረ። በሁለተኛው ቀን ከበደው። በሦስተኛው ዓመት ጭራሽ የማይቻል ሆነ። «አንድ ጊዜ ባለሌክሰስ ከሆንክ በሚኒባስ አትመጣም» አለን።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ አልጠየቀንም። ቢጠይቀን ይሻለን ነበር።

ዛሬ

ጋሼ ተመልሶ ሄዷል። አሁንም እዚያው ጋራዥ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይመጣል፤ በሚኒባስ። ገንዘብ የሚልከው ለእማዬ ብቻ ነው፣ የሚችለውን ያህል። የእኛን ቁጠባ የምንከፍለው እኛው ነን (ዕጣው ገና አልወጣልንም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል)።

የመኪናው ዓለምም ተለውጧል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ድምፅ አልባዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የአዲስ አበባን መንገድ እየሞሉት ነው። ኃይሌም መርሴዲስ ከተሸለመበት ዘመን አልፎ በ2020 ኩባንያው የኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ እዚሁ ገጣጥሟል። ለጋሼ ይህን ስንነግረው «እዚህም ጋራዡን ድምፅ የሌለው መኪና ሞላው፤ ችሎታዬ ተበላ» ብሎ ሳቀ። የሳጉሬ ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው ምን እንደሚጫወቱ እንጃ።

ባለፈው ገና ሳጉሬ ነበርን። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ አባትና ልጅ፣ ትራክተርና ሌክሰስ፣ በመሐላቸው አንድ ጣት። አንድ እንግዳ መጥቶ የጋሼን ፎቶ ሲያይ እንደ ልማዱ «ይቺ መኪና የልጃችሁ ናት?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ተሳቀቅን። እማዬ ግን የቡናውን ጀበና ሳታስቀምጥ መለሰች፦

«አይደለችም። መኪናዋ የሰው ናት። ልጁ ነው የእኛ።»